የዋስ ዋስ

ሌሊቱን በሙሉ ኮንቴይነር ሳስር፣
ብረቱን ከብረት ሳቆላልፍ ሳድር፣
ጎህ ሲቀድ ወጣሁኝ ከሀይፋ ወደብ በር።

ከማዶ ቆሞ አየሁ አንድ እንግዳ መርከብ፦
ግራጫ፣ መስኮት የለሽ፣ መድፉን የሸፈነ፤
ወዳጅ ነው ተባልን፤ ወዳጅ ስለሆነ
የፈላፍሉ ዋጋ በሁለት ሰቅል ገነነ።

ናዲም፣ የአኮው ሰው፣ ማታ ስንሠራ፣
"ገመድ መልካም ነገር፣ ባሕር እስኪቆጣ፤
ሲቆጣ ግን አንዱ ከቦታው ከታጣ
የታሰረው ሁሉ አብሮት ነው የሚወጣ" አለኝ።
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ያፎ መንገድ ላይ፣ ከመቃብሩ አጥር ጥግ፣
አውቶቡስ እጠብቃለሁ።
እዚያ የህንድ ፈረሰኞች ተኝተዋል፤
ይህችን ከተማ ለእንግሊዝ ሊይዙ
በመትረየስ ፊት የጋለቡ።
ስንት ጊዜ አልፌያቸዋለሁ፤
ማን እንዳመጣቸው አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ቤት ስገባ ኖጋ አልተኛችም።
የባግሩት ፈተና አለባት፤ ካርታው ጠረጴዛውን ሞልቶታል።
"አባ" አለች፣ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእኔው አማርኛ፣
"አንድ ልጅ ሳራዬቮ ላይ ሽጉጥ ቢተኩስ
ሚሊዮን ሰው እንዴት ይሞታል?"

ቀስት አለ ካርታው ላይ፤ ቀስት ቀስት ይወልዳል፦
ኦስትሪያ በሰርቢያ፣ ሩሲያ ለሰርቢያ፣
ጀርመን ለኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ ለሩሲያ፤
ቤልጂግ መንገድ ዳር ላይ ቆማ ተገኘች፣
እንግሊዝ ከሣጥን ያረጀ ወረቀት
አራግፋ አወጣች።

ምን ልበላት? የባይህን ነገር ነገርኳት።

የአጎቴ ልጅ ባይህ ቤት ሊገዛ ሲል
ባንኩ ዋስ ጠየቀው፤ ፈረምሁለት እኔ፤
"ስም ብቻ ነው" አለኝ፣ ስሜም ቀለለብኝ።
ለካ እሱም በበኩሉ ለግሪሻ ዋስ ነው፣
ግሪሻም ለአማቹ፣ አማቹም ለሌላው፤
ከዚያ ሌላው ጋራ ሻይ እንኳ አልጠጣሁ፣
መልኩን አላየሁም፣ ስሙንም አልሰማሁ።
አንድ ቀን ቤርሼባ ምንጣፍ ቤቱ ከሰረ፤
የተንኳኳው በር ግን የእኔው በር ነበረ።

ያችን ቀይ ሱባሩ ታስታውሺያታለሽ?
በሰው ዕዳ ነው የሄደችው።
ደመወዜ ሦስት ዓመት ዘመተ፤
እኔ ማንንም ሳልጠላ፣
ጠላቴም ማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይላሉ የኛ ሰዎች።
እውነት ነው፣ ያስራል።
ተረቱ ያልነገረን ግን
የታሰረው አንበሳ ደንግጦ ሲነሣ
ድሩ ማገሩን፣ ማገሩ ጣራውን
ይዞ እንደሚሄድ ነው።

ዝም አለች። እርሳሷን ነከሰች።
"ዋስ ባይኖረውስ ባይህ ቤት ይገዛ ነበር?"
"አይገዛም ነበር።"
"ቤልጂግስ ብቻዋን ብትቀር?"

ሱዳን ላይ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ዋስ አልነበረንም።
ድንኳን ሥር እኅቴ ውሃ ስትለምን
ማንም ለማንም አልፈረመ።
በመዳፋችን አሸዋ ቆፍረን ቀበርናት።
ይህን ለኖጋ ነግሬያት አላውቅም፤
ያን ሌሊትም አልነገርኳት።
ብቻ፣ "ልክ ነሽ" አልኳት፣
"ያለ ዋስ መኖርም አይቻልም፤
ግን ብዕሩን ስታነሺ
ከዋሱ ጀርባ ያለውን ዋስ ጠይቂ፤
ከእሱም ጀርባ ያለውን።"
"የሚነግረኝ ይኖራል?"

መልስ ሳልሰጣት መርከቡ ጮኸ፤
የወጥ ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ፣
በብርጭቆዬ ውስጥ ሻዩ ክብ ክብ ሠራ።

የህንዱን ቀስት ፈለገች፣ ጣቷን እያስሄደች፤
ካርታው ላይ አልነበረም።
እርሳሷን ቀርጻ ራሷ ሳለችው፦
ከህንድ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ዞሮ፣
በረሃውን አቋርጦ፣
ጫፉ መጥቶ እኛ ፎቅ ላይ አረፈ።